ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን ነው? ለጅማ የባህልና የሙዚየም ኃላፊዎች፣ ለከተማው ሰውም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት
ለጅማ ሙዚየም
ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት
አሮጌ አልበም በቤታችሁ ላለ የጅማ ሰዎች ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ጉዳዬ አጭር ነው፤ ማስረዳቱ ግን ትንሽ ይረዝማል። ጅማ ውስጥ በየቤቱ ሳጥን፣ በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ በተዘጉ ፎቶ ቤቶች ጓዳ፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ የተነሡ አሮጌ ፎቶዎች አሉ። ቡና መፈልፈያ፣ እንጨት መሰንጠቂያ፣ የጭነት መኪና፣ ጋራዥ፣ የድልድይ ሥራ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። እነዚህን ሰብስባችሁ ስካን እንድታደርጉ እለምናለሁ። ከስካኑም በፊት ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ አባቶችንና እናቶችን ጠይቃችሁ ስማቸውንና ሥራቸውን ጻፉልን። ወረቀቱ ትንሽ ይታገሣል። የሚያውቁትን ሰዎች ግን አንድ በአንድ እየቀበርናቸው ነው።

ይህን የምጽፈው አሮጌ የባቡርና የፋብሪካ ፎቶ ማየት ከማይሰለቻቸው ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ነው። ብዙ ነን። ማታ ስልኬን ይዤ ከተቀመጥኩ ለገሃር፣ ድሬዳዋ፣ አዋሽ ድልድይ እያልኩ ሌሊቱ ይጋመሳል። ባለቤቴ «ዛሬም ባቡር?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሐዲድ ደርሶበት በማያውቅ ከተማ ለኖረ ሰው ባቡር ምኑ ነው? እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያገኘሁት መልስ እናንተን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ነው ብዕር ያነሣሁት።

መጀመሪያ ነገር ጥራቱ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የተነሡት ብዙዎቹ የባቡር ፎቶዎች በመስታወት ነጋቲቭ የተነሡ ናቸው። ካሜራው ባለ ሦስት እግር ነው። ነጋቲቩ መዳፍ ያህላል፤ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ያን በሚያህል መስታወት ላይ ያረፈ ምስል ሲያሰፉት ቶሎ አይበተንም። በሁለት ጣት ዘርጋ ስታደርጉት ሎኮሞቲቩ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል፣ የቡሎኑ ራስ ሳይቀር ይታያል። ቀጥሎ ፎቶ አንሺው ያላሰባቸው ነገሮች ብቅ ይላሉ። ፉርጎ ሥር ጥላ ይዞ የተኛ ሰው። ሐዲድ የምታቋርጥ ፍየል። ጥግ ላይ ቆሎ የያዘች ልጅ። ሰውየው ሊያነሣ የመጣው ማሽኑን ነበር፤ እነሱ ሳይጠሩ ገብተው ቀሩ። እኔ ብዙውን ጊዜ የማየው እነሱን ነው።

ሁለተኛው ማሽኑ ራሱ ነው። የእንፋሎት ባቡር አሠራሩን አይደብቅም። የፒስተኑ ቤት ውጭ ነው፣ ዘንጉ ውጭ ነው፣ መንኮራኩሮቹን የሚያያይዘው ብረት ውጭ ነው። ውሃው እዚህ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በዚህ ይሄዳል፣ ይሄን ይገፋል፣ ያ ይዞራል። ሜካኒክ ያልሆነ ሰውም ጣቱን እያስኬደ ሊከተለው ይችላል። የዛሬ ማሽን ክዳኑ ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ንጹሕ ባቡር ነው፣ ደስ ይላል። ፎቶውን አይቶ እንዴት እንደሚሄድ የሚገባው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው የሰዎቹ አቋቋም ነው። የድሮ ካሜራ ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜ ይፈልግ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ነገር ይደበዝዛል። ስለዚህ ሰው ሥራውን ያቆምና ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። አንዱ ቁልፉን እንደያዘ፣ አንዱ አካፋውን እንደተደገፈ፣ አንዱ እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ። ጉርድ ፎቶ ፊትህን ብቻ ነው የሚያሳየው። የሥራ ፎቶ እጅህ ምን ያውቅ እንደነበረ ያሳያል።

ሁሉም በዚህ አይስማማም። ቤርንትና ሂላ ቤኸር የሚባሉ ጀርመናዊ ባልና ሚስት የውሃ ጋኖችን፣ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎችንና የማዕድን ማማዎችን ለአሥርተ ዓመታት አንሥተዋል። ሰማዩ ሁልጊዜ ደመና ነው፣ አቅጣጫው አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው ዝር አይልም። በዓለም የታወቀ ሥራ ነው። አደንቀዋለሁ፤ ግን አሥሩን ካየሁ በኋላ «ጋኑን የሚሞላው ሰውዬ የት ሄደ?» እላለሁ።

አሁን ወደ ስም ጉዳይ ልምጣ። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 1869 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሁለት ሐዲዶች ተገናኙ። የዚያን ቀን የተነሣው ፎቶ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ሁለት ሎኮሞቲቮች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ሰዎች ጠርሙስ ይዘው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። ከምዕራብ የመጣውን ሐዲድ በተራራው ላይ የዘረጉት በብዛት ከቻይና የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ። ፎቶው ላይ ፈልጉ። የሉም ማለት ይቻላል። የድርጅቶቹ አለቆች ስም ተመዝግቧል። የዚያ ሁሉ ሠራተኛ የልጅ ልጆች ግን አያታቸውን እስከዛሬ ይፈልጋሉ።

በሌላ በኩል ሉዊስ ሃይን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በፋብሪካና በማዕድን የሚሠሩ ሕፃናትን እየዞረ ያነሣ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ ስለማይፈቅዱለት አንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ አንዴ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ መስሎ ይገባል። የልጆቹን ቁመት በኮቱ ቁልፎች ይለካል። እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ከደረሰ ይህን ያህል፣ እስከ አራተኛው ከሆነ ያን ያህል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የሚሠሩትን ይጽፋል። ፎቶዎቹ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን ለመከልከል በተደረገው ክርክር እንደ ማስረጃ ቀረቡ። ስም ስለተጻፈባቸው ብቻ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የአንዳንዶቹ ልጆች ዘሮች ተገኙ። ከጽሑፉ የተነጠለ ፎቶ ያን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ጃክ ዴላኖም አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ለአሜሪካ መንግሥት ቺካጎ አካባቢ የባቡር ሠራተኞችን አነሣ፣ አንዳንዶቹን በቀለም ፊልም። ወንዶቹ ጦርነት ስለሄዱ አዮዋ ግዛት ክሊንተን በምትባል ከተማ ሎኮሞቲቭ የሚያጸዱት ሴቶች ነበሩ። ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው ምሳ ሲበሉ የሚያሳየውን ፎቶ ብታዩት ከጅማ ቡና ለቃሚዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ይመስላችኋል። ፎቶዎቹ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ማንም ሰው ከጅማ ሆኖ በነፃ ያወርዳቸዋል፣ ከመግለጫቸው ጋር።

የራሳችንስ? የምድር ባቡራችን ፎቶ በብዛት አለ፤ መግለጫው ግን ብዙውን ጊዜ «የባቡር ሠራተኞች፣ ድሬዳዋ» ነው። በቃ። በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሲሠራ፣ ሲጠግንና ሲነዳ የኖረ ትውልድ በሦስት ቃል አለቀ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቶርኖ ቤት ያረጁ፣ ሊቶሪና የሚባለውን ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር የነዱ፣ በየጣቢያው ባንዲራ ያውለበለቡ ሰዎች ልጆች ዛሬም አሉ። ድሬዎች የራሳቸውን ይጠይቁ። እኔ የጅማን ልጠይቅ።

ጅማ ደግሞ ከባቡሩ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ይል ነበር። ከፋ! ወደኛ አቅጣጫ ማለት ነው። በተግባር ሐዲዱ በተራራው ምክንያት ሐረርንም ሳይነካ በታች አለፈ፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ሰበብ ነው። እኛ ጋ ከነጭራሹ አልደረሰም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣው የባቡር መረብ ዕቅድም በእጃጂ አድርጎ ጅማ፣ ከዚያ ጉራፈርዳና ዲማ የሚል መስመር ነበረው። እሱም ወረቀት ላይ ነው። ይደርሳል ብለን እንጠብቅ፣ ጠብቀን እናውቃለን።

ታዲያ የጅማን ቡና ለባቡሩ ያደረሰው ማን ነው? ሾፌርና ረዳት። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ጊቤ በረሃ አለ። ዛሬ በአስፋልት ግማሽ ቀን ነው። ያኔ በክረምት ጭቃው መኪና ውጦ ሲያድር መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም። ጆንያው ለገሃር ሲደርስ ፉርጎ ላይ ይጫናል፣ ጅቡቲ ይወርዳል። ፎቶ ላይ የምናየው ከለገሃር በኋላ ያለውን ነው። ከለገሃር በፊት ያለው በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ነው።

አንዱ እኔ ቤት አለ። ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ነው፤ ቡና እስከ ላይ ተጭኖበታል። ሰዎች ፊቱ ቆመዋል፣ አንድ ልጅ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ከአባቴ በስተቀር ማንንም አላውቅም ነበር። ጀርባው ላይ «ጊቤ» ብቻ ተጽፏል። ለአንድ የድሮ ሾፌር አሳየሁት። ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከፊታቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ወዲያው ስም መጥራት ጀመሩ። ይሄ እገሌ ነው፣ ኋላ የራሱን መኪና ገዛ። ይሄ የነጋዴው ሰው ነው፣ ጭነቱን ሸኝቶ የሚሄድ። ከዚያ አንዱ ሰው እጅ ላይ ያለውን ቁራጭ እንጨት ጠቆሙኝ። እኔ የማገዶ እንጨት ይመስለኝ ነበር። ታኮ ነው አሉኝ። አቀበት ላይ ፍሬን እንቢ ሲል ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቀዋል። መኪናው ትንሽ ሲገፋ አንሥቶ ይሮጣል፣ እንደገና ይወሽቃል። እጁን ወይም እግሩን የሚያጣ አለ። ረዳት ሲቀጠር የሚጠየቀው መንዳት ሳይሆን መሮጥ ይችል እንደሆነ ነበር፤ ይህንን ሲሉ ሳቁ። ፎቶው ላይ ያ ሰው ታኮውን እንደ ጎራዴ ይዞ ነው የቆመው። አሁን ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያች ሰዓት ጨዋታ ያገኘሁትን ፎቶውን ዓመት ሙሉ ባፈጥበት አላገኘውም። ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ ፎቶው «አሮጌ መኪና፣ ጊቤ» ተብሎ ይቀር ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ዛሬ ጅማ ውስጥ አሉ። መርካቶ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠዋል። ፈረንጅ አራዳ ከሰዓት ሻይ ይጠጣሉ። ቆጪና መንደራ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

ቡናው ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ስም የላቸውም። የጅማ ቡና በአመዛኙ በፀሐይ የደረቀ ነው። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልባሱ የደረቀው ቡና፣ ወደ መፈልፈያ ይገባል፤ ሞተሩ ረጅም ቺንጋ ያዞራል፣ ቺንጋው ማሽኑን ያዞራል፣ ገለባው በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል። በድሮ ፎቶ ላይ ይህ ሁሉ ይታያል፣ ቺንጋው ሽፋን እንኳ የለውም። ያን ያየ ሰው ስለ ሥራ አደጋ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ከመፈልፈያው በኋላ ለቀማ ነው፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን በእጅ መለየት። ይህን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ረድፍ ለረድፍ ተቀምጠው፣ ነጠላ ተከናንበው፣ ከፊታቸው ክምር ቡና። ፎቶው ላይ ባለ ድርጅቱ ከረባት አድርጎ መሐል ቆሟል፣ ስሙም ከታች ተጽፏል። የሴቶቹን ስም ግን የጻፈ የለም። አንዷ የእናንተ እናት ልትሆን ትችላለች። እትዬ እገሊት አሁንም በሕይወት ካሉ ራሳቸውን ብቻ ሳይሆን አጠገባቸው የተቀመጠችውንም ይነግሯችኋል። በቀን ስንት ኪሎ ይለቀም እንደነበር፣ ስንት ይከፈል እንደነበር፣ አለቃው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ጭምር።

ሌሎችንም በአጭሩ ልጥቀስ። ዝግባና ዋንዛ የሚሰነጥቁ መሰንጠቂያዎች ነበሩ፤ የጅማ በርጩማ የሚጠርቡ እጆችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ እንደጀመረ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መስመሮቹ አንዱ ወደ ጅማ የነበረው ነው፤ አውሮፕላኑ ሣር ላይ ቆሞ፣ ሰው ክንፉ ሥር ተሰልፎ የተነሣው ፎቶ አንድ ቤት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አለ፤ የዓለማያ ኮሌጅም ወደ ራሱ ግቢ ከመሄዱ በፊት ትምህርት የጀመረው እዚሁ ነበር። መምህራኑ ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጡ ናቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የዚያ ትምህርት ቤት ወራሽ ስለሆነ ለኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ልጆቹ በትራክተር ዙሪያ የቆሙባቸውን ፎቶዎች ቅጂ መጠየቅ ይችላል። መልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን የገባውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ሲመርጥ የኖረ ነው። እያንዳንዱን ዛፍ ቆጥሮ የመረጠው ሠራተኛ ማን ነበር?

የጣሊያን ዘመን ፎቶዎችም አሉ። ጅማ ያኔ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ስለነበረች ብዙ ተነሥታለች፤ ሮም ያለው የሉቼ ተቋም የዚያን ዘመን ፎቶዎች ይዟል። እነዚህን ስናይ ዓይናችንን መክፈት አለብን። ፋሺስቱ መንገዱንና ሕንፃውን ያነሣው ራሱን ለማሞገስ ነው። መሐል ላይ ቆሞ የሚያሳየው የራሱን መሐንዲስ ነው። ድንጋይ የሚፈልጡት ሰዎች ከበስተኋላ ናቸው። ስታሰፉት ግን ፊታቸው ይታያል።

አሁን ስለ ጉዳቱ። ጅማ ውብ ናት፣ ዝናቧ ግን ለፎቶ ጠላት ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ቤት ውስጥ ያለው እርጥበትም ከዚያው ጋር ነው። ፎቶ ላይ ምስሉን የሚይዘው ጀላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነገር ነው። ለሻጋታ ምግብ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደግሞ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሲያላቅቁት ፊቱ ይገፈፋል። የድሮ ፊልም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ቶሎ ከሌሎቹ ለዩት። የደርግ ዘመን የቀለም ፎቶዎች ቀልተዋል፣ ሁላችንም አይተናል። ጥቁርና ነጩ ምስሉ ከብር ስለተሠራ በደንብ ከታጠበና ከእርጥበት ከተጠበቀ የተሻለ ይቆያል። የአያቶቻችን ፎቶ ከሠርጋችን ፎቶ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ከእርጥበቱ የባሰው ግን ሰው ነው። ፎቶ ቤቶች ወደ ዲጂታል ሲዞሩ የነጋቲቭ ካርቶናቸው ቦታ ያዘ ተብሎ ተጥሏል። አንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲቀይር የተሰበሩ ወንበሮች ላይ የተከመሩ የሥራ ፎቶዎች በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዝናብ እየወረደባቸው። ስጠይቅ «ንብረት ክፍል ያስወገደው ነው» ተባልኩ። በሞዴል፣ በንብረት መመዝገቢያ ቅጽ፣ ተመዝግቦ ስላልገባ ንብረት አልሆነም። ወንበሩ ግን ንብረት ነው፤ በሕጉ መሠረት ሐራጅ ይወጣበታል።

ስለዚህ ክቡራን፣ የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም። እባካችሁ ሕንፃ አትጀምሩ። አንድ ስካነር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ ሰው ማናገር የሚችል አንድ ወጣት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አለው፣ ሙዚየሙ ቦታ አለው፣ ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም አለው። ሦስታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ብትገናኙ በዚህ ወር ይጀመራል። ሰው ፎቶውን ይዞ ይምጣ፣ ቡና ይጠጣ፣ ዓይኑ እያየ ስካን ይደረግ፣ ኦሪጅናሉን ይዞ ይመለስ። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ነው። «እንመልሳለን» ተብሎ የተወሰደ ፎቶ እንደማይመለስ ይህ ሕዝብ ያውቃል፤ ስለዚህ አትውሰዱ። የሕትመት ፎቶ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ይደረግ፣ ትናንሾቹ ከዚያም በላይ። ጀርባውም ስካን ይደረግ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና የእጅ ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው። ጠርዙ አይቆረጥ።

ከዚያ ስልክ አስቀምጣችሁ ድምፅ ቅዱ። ይሄ ማነው? ምን ይዟል? ለምን? ከፎቶው በኋላ ምን ሆነ? በአፋን ኦሮሞ የሚያወሩትን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ የሚያወሩትን በአማርኛ፣ በዳውሮኛም በካፍኛም። ይህች ከተማ ሥራ ፍለጋ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሠራት ናት፤ መግለጫውም አንድ ቋንቋ ብቻ መሆን የለበትም። ባለቤቱ ይታይ ያለው ይታይ፣ አይታይ ያለው ይቀመጥ። አንዳንድ ፎቶ ላይ ያለ ሰው በኋላ ታስሯል፣ ተሰዷል፣ ወይም የቤተሰብ ጠብ አለበት። ሳይጠየቅ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጡት።

ለከተማው ሰው ደግሞ ጥቂት ነገር። ላሚኔት አታስደርጉት። ቆንጆ ይመስላል፣ ግን በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ተመልሶ አይላቀቅም። በማስቲሽ አልበም ላይ አትለጥፉ። ስም ስትጽፉ በጀርባው፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ጫን ሳትሉ፤ እስክሪብቶ ይሰምጣል፣ ቀለሙም ወደ ፊት ይወጣል። ከመሬትና ከግድግዳ አርቁት፣ ፌስታል ውስጥ አትቋጥሩት። ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል፦ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፎቶው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ፣ አራቱም ጠርዝ እየታየ፣ ፊቱም ጀርባውም። ሻጋታ ካለበት አታሹት።

ባለ ስልክ ወጣቶችንም አንድ ነገር ልለምን። ጥቁርና ነጩን በኮምፒውተር ቀለም እየቀባችሁ አትልቀቁብን። ማሽኑ የኤንትሬውን ቀለም አያውቅም፤ ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚቀባው። ፊቱንም «ሲያጠራ» የሌላ ሰው ፊት ያደርገዋል። የኔን አባት ሳላውቀው የቀረሁት በዚህ ነው፣ አንድ ወዳጄ «አሳመርኩልህ» ብሎ ሲልክልኝ። የሌላ ከተማ ፎቶ አንሥቶ «ጥንታዊት ጅማ» ብሎ መለጠፍም ይብቃ።

«ውኃና መንገድ ሳይሟላ ፎቶ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ውኃው ይቅደም፣ አልከራከርም። ግን ይህ ሥራ ከውኃው በጀት አንድ ብር አይወስድም፤ ውኃው እስኪመጣ ቆመን የምናወራበት ሰዓት ይበቃዋል።

እኔ በበኩሌ ያሉኝን ፎቶዎች ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ። ጋሼም መጥተው ለመቀመጥ ቃል ገብተዋል፤ ሁለት የድሮ ሾፌሮችና አንዲት ቡና ለቃሚ እናትም አብረዋቸው ይመጣሉ። ቦታውንና ቀኑን ብትነግሩን በቂ ነው። ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ፤ እነሱም በጭቃ መሄድ አይችሉም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጅማ ነዋሪ